መሣሪያው ነው ወይስ ሰውየው?

ጥያቄ፦ «የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። በዓይን ሕክምና ክፍል ልምምድ ከጀመርኩ ወዲህ የአንድ ሰው ስም ከየአቅጣጫው ይመጣብኛል። የእንቅርት ሕመምተኛ ስንመረምር ‹የግሬፍ ምልክት አለ ወይስ የለም?› እንባላለን። በቀዶ ሕክምና ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ‹የግሬፍ ቢላዋ› አለ። በስሙ የሚጠራ የሕክምና መጽሔትም እስከ ዛሬ ይታተማል። አንዱ መምህራችን ‹የዘመናዊው የዓይን ሕክምና አባት ነው› ሲሉን፣ ሌላው ደግሞ ‹ዓይንን የከፈተው የሄልምሆልትዝ መሣሪያ ነው፤ ግሬፍ በሰዓቱ የተገኘ ዕድለኛ ነው› አሉን። የትኛው ነው ትክክል? ምልክቱንስ በትክክል የምፈልገው እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ ሁለተኛው መምህርሽ የነገሩሽ እውነት ነው፤ ግማሽ ግን ነው። ቀሪውን ግማሽ ከመጨመሬ በፊት ስሙን ላስተካክል። ጀርመኖቹ «ፎን ግሬፈ» ብለው ይጠሩታል። እኛ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት በኩል ስለተዋወቅነው የመጨረሻዋን ድምፅ ውጠናት «ግሬፍ» ሆኖ ቀረ። ሙሉ ስሙ አልብረኽት ፎን ግሬፈ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሣሪያው ልጀምር። የሰው ዓይን ስንመለከት ብሌኑ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ውስጡ ጨለማ ስለሆነ አይደለም። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን በመጣበት መንገድ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ተመላሹን ብርሃን ለማየት የራሳችንን ዓይን መብራቱ ባለበት ቦታ ላይ ማድረግ ይኖርብናል፤ እንደዚያ ስናደርግ ደግሞ ራሳችን መብራቱን እንጋርደዋለን። በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮሎጂ ያስተምር የነበረው የ29 ዓመቱ ኸርማን ሄልምሆልትዝ በ1850 መጨረሻ ይህንን ለተማሪዎቹ የሚያስረዳበት ዘዴ ሲፈልግ መፍትሔው መጣለት። ስስ የመስታወት ቁራጮችን አጋድሎ አቆመ። መስታወቶቹ የመብራቱን ብርሃን በከፊል ወደ ታካሚው ዓይን ይመልሱታል፤ ከዓይኑ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ደግሞ በከፊል በእነዚያው መስታወቶች ውስጥ አልፎ ወደ መርማሪው ይደርሳል። አንድ ተራ ሌንስ ሲጨመርበት የሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ደም ሥሮችና የዕይታ ነርቭ ጫፍ በሕያው ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብለው ታዩ። በ1851 አሳተመው። ዛሬ በኪስሽ የምትይዢው ኦፍታልሞስኮፕ የዚያ ልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ መሣሪያው እንደወጣ ሐኪሞች ተሻምተው የያዙት እንዳይመስልሽ። ሄልምሆልትዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያወራ፣ አንድ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በታመመ ዓይን ውስጥ ብርሃን በቀጥታ ማስገባት አደገኛ ስለሆነ መቼም እንደማይነኩት ነገሩት። ሌላው ደግሞ መሣሪያው ዓይናቸው ለደከመ ሐኪሞች ይጠቅም ይሆናል፣ የእሳቸው ዓይን ግን ደኅና ስለሆነ እንደማያስፈልጋቸው አስታወቁት። ሁለቱም ሰዎች መሣሪያውን ከግሬፈ እኩል ማግኘት ይችሉ ነበር። መምህርሽ «በሰዓቱ የተገኘ» ሲሉ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አገር፣ ከእሱ የበለጠ ሥልጣንና ልምድ ይዘው የተገኙ ብዙዎች እንደነበሩ ዘንግተዋል።

መሣሪያውን መያዝና በመሣሪያው ማየትም አንድ አይደለም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቀይ ጭጋግ በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም። መምህሬ «ነርቩ ታየህ?» ባሉኝ ቁጥር ግን «አዎን፣ ታየኝ» እያልኩ ዋሽቻለሁ። ልጄ፣ አንቺም ይህንን ሳትዪው የቀረሽ አይመስለኝም።

ሰውየው ማን ነበር? ሜይ 22 ቀን 1828 በርሊን ውስጥ ከባለጸጋና ከታወቀ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፈ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። የተቆረጠ አፍንጫን በሰውየው በራሱ ቆዳ መልሶ ስለመሥራት በ1818 ያሳተሙት መጽሐፍ ስማቸውን በአውሮፓ አስጠርቶታል። በ1840 የሃኖቨርን አልጋ ወራሽ ዓይን እንዲያክሙ ተጠርተው ሄዱና እዚያው ሃኖቨር ውስጥ በድንገት አረፉ። ልዑሉ ማየት ሳይችል በኋላ ንጉሥ ሆነ። ትንሹ አልብረኽት ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር። የአባቱ የመጨረሻ ጉዞ ስለ ዓይን መሆኑ በልጁ ሕይወት ላይ ያለው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊመዝነው አይችልም፤ እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

ልጁ በ15 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1847፣ በ19 ዓመቱ፣ የዶክትሬት ማዕረጉን ተቀበለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ዓይን እንዳይመስልሽ፤ ብሮሚን ስለሚባለው ንጥረ ነገርና ከእሱ ስለሚቀመሙ መድኃኒቶች ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ዘመኑ የባለጸጋ ልጆች ለትምህርት ጉዞ ወጣ። ፕራግ ላይ ፈርዲናንድ አርልት የሚባል የዓይን ሐኪም ልቡን ወደዚህ ሙያ አዘነበለው። ፓሪስ ውስጥ የዓይን ሐኪሞቹን የዚሸልንና የደማርን፣ ቪየና ውስጥ የየገር አባትና ልጅን ሥራ አየ። ለንደን ላይ ደግሞ ከእንግሊዛዊው ዊሊያም ቦውማንና ከሆላንዳዊው ፍራንስ ዶንደርስ ጋር ወዳጅነት ጀመረ። ከዶንደርስ ጋር የመሠረተው ወዳጅነት እስከ ዕለተ ሞቱ ዘለቀ። ቀጥሎ ለምነግርሽ ነገር ሁሉ ይህ ወዳጅነት ያስፈልገናልና ያዢው።

በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ በርሊን ካርል ጎዳና ውስጥ የራሱን የዓይን ክሊኒክ ከፈተ። ድሆችን በነፃ እንደሚያክም በየመንገዱ ማስታወቂያ አስለጠፈ። ያን ጊዜ የዓይን ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም። የትልልቅ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ኃላፊ እግር ይቆርጣል፣ የፊኛ ጠጠር ያወጣል፣ ጊዜ ሲተርፈው ዓይንም ይነካል። እንግዲህ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ሌላውን ሁሉ ትቶ በዓይን ብቻ ሊኖር ተነሣ ማለት ነው። ድሆቹ በሰልፍ መጡ። ከእነሱ በኋላ ከመላው አውሮፓ መኳንንቱም መጡ፤ ወጣት ሐኪሞችም ሊማሩ ጎረፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ዓይንን ወደሚያሳውረው ሕመም ወደ ግላኮማ፣ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ብቆይ ታገሺኝ፤ የጥያቄሽ መልስ በአብዛኛው ያለው እዚህ ነው።

ድንገተኛ ግላኮማ የያዘው ሰው አይተሽ ከሆነ አትረሺውም። ዓይኑ ደም ይመስላል፣ ግማሽ ራሱ ይፈለጣል፣ ያስታውከዋል፤ ሆድ ሕመም ነው ተብሎ ወደ ሌላ ክፍል የሚላክም አለ። በጣትሽ የዓይኑን ቆብ ዘግተሽ ብትጫኚው ከሥሩ ያለው ዓይን እንደ ጠጠር ደርቆ ታገኚዋለሽ። በግሬፈ ዘመን ለዚህ ሕመም የነበረው አልቅት፣ ሜርኩሪና ኦፒየም ነው። ሕመምተኛው ይታወራል፤ ሐኪሙም እንደሚታወር እያወቀ ያክመዋል።

ግሬፈ ኦፍታልሞስኮፑን ይዞ እነዚህን ዓይኖች መመርመር ሲጀምር መጀመሪያ ያደረገው ነገር መሳሳት ነው። የዕይታ ነርቩ ጫፍ አብጦ ወደ ፊት የወጣ መሰለው፤ እንደዚያም ብሎ ጻፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ዓይን ሲመለከቱ ጥልቀት አይታወቅም፣ ጉድጓዱ ጉብታ ይመስላል። በቪየና የነበረው ኤድዋርድ የገርም ተመሳሳይ ስሕተት ሠርቷል። ብዙም ሳይቆይ ግን የግሬፈ የክሊኒክ ባልደረቦች የመሣሪያውን ጠባይ ሲያጠኑ፣ እሱም ደጋግሞ ሲመለከት፣ ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ፤ ነርቩ ወደ ውስጥ ተሰርጉዷል እንጂ አላበጠም። ግሬፈ የቀድሞ ጽሑፉን ራሱ አረመ። ሃይንሪኽ ሙለር የሚባል የሰውነት አካል ተመራማሪ ደግሞ የሞቱ ሰዎችን ዓይን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ጉድጓዱን አረጋገጠ። ዛሬ «የነርቩ ጉድጓድ ሰፍቷል ወይ?» እያልን በየቀኑ የምንጠይቀው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ እርማት ነው። ሄልምሆልትዝ መስታወቱን ሰጥቷል፤ በመስታወቱ ውስጥ የታየውን ነገር ግን መስታወቱ አይተረጉመውም።

ጉድጓዱና የዓይኑ መጠጠር አንድ ላይ ሲታዩ ግሬፈ የደረሰበት ሐሳብ አጭር ነው፤ ገዳዩ ግፊት ነው። እንግዲያውስ ግፊቱን የሚቀንስ ነገር መፈለግ አለበት። የግፊት መለኪያ ስላልነበረ የሚመካው በሁለት ጣቶቹ ነው። ብሌንን የሚያሰፉ ጠብታዎችን ሞከረ፤ ዛሬ ይህንን ያደረገ ተማሪ ከፈተና ይወድቃል፣ ያን ጊዜ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ኮርኒያውን፣ ማለትም ብርሃን አስተላላፊውን የዓይን የፊት ሽፋን፣ ወግቶ ውኃውን አፈሰሰ፤ ዓይኑ ለጥቂት ቀናት ይለሰልስና መልሶ ይደርቃል። በዚህ መካከል አንድ ነገር አስተዋለ። በሌላ ሕመም ምክንያት ከአይሪሳቸው (በብሌን ዙሪያ ካለው ባለ ቀለም ክፍል) ላይ ቁራጭ ያወጣላቸው ሰዎች ዓይናቸው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስልሶ ይቆያል። ሌሎች ሐኪሞችም ይህንን ቀዶ ሕክምና ለዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል፤ የዓይኑን ልስላሴ ግን የሕክምና መንገድ አድርጎ ያነበበው አልነበረም። በ1856 በድንገተኛ ግላኮማ ላይ ሞከረው። ሊጠፉ የነበሩ ዓይኖች መልሰው አዩ። በሚቀጥለው ዓመት በመጽሔቱ ላይ አሳተመው፤ በሴፕቴምበር 1857 ብራስልስ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤም አቀረበው።

ይህ ሁሉ የሆነው የዓይን ማደንዘዣ ጠብታ ሳይኖር ነው። ኮኬይን ለዓይን ማደንዘዣነት በቪየናው ሐኪም በካርል ኮለር የታወቀው በ1884 ነው፤ ግሬፈ ከሞተ 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሕመምተኛውን የሚያስተኛው ክሎሮፎርም ነበረ፤ ሆኖም ከክሎሮፎርም በኋላ የሚመጣው ማስታወክ ለተከፈተ ዓይን የራሱ አደጋ አለው። ስለዚህ የሐኪሙ እጅ ፈጣንና ቀላል ካልሆነ ነገሩ አይቻልም ነበር።

ሲሠራ ለምን ሠራ? ግሬፈ አላወቀም። ዛሬ እናውቀዋለን፤ ከአይሪሱ በስተኋላ የሚመነጨው ፈሳሽ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ማለፍ ሲያቅተው አይሪሱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የተገፋው አይሪስ የፈሳሹን መውጫ ማዕዘን ይዘጋል። ከአይሪሱ ላይ ቁራጭ ሲወጣ ፈሳሹ አቋራጭ መንገድ ያገኛል። አሁን በሌዘር የምንበሳት ጥቃቅን ቀዳዳ ሐሳቧ ያው የ1857ቱ ነው። ሕመምተኞች «ሌዘር ተደረገልኝ፣ አላመመኝም» ብለው ሲወጡ አንዳንድ ጊዜ የካርል ጎዳናው ክሊኒክ ትዝ ይለኛል።

ሁሉንም ግላኮማ ግን አያድንም። ቀስ ብሎ፣ ያለ ሕመም፣ ያለ መቅላት በሚመጣው ዓይነት ላይ ውጤቱ ደካማ መሆኑን ግሬፈ ራሱ ተናገረ። እንዲያውም ያንን ዓይነት ግላኮማ ነው ብሎ ለመቀበል መጀመሪያ እምቢ ብሎ «የነርቭ መሰርጎድ ያለበት ዕውርነት» በማለት ለብቻው አስቀምጦት ነበር። ወዳጁ ዶንደርስ ይህም ግላኮማ ነው ብሎ ተከራከረው፤ ግሬፈም በመጨረሻ የዶንደርስን ሐሳብ ተቀበለ። ሁለተኛ ስሕተት፣ ሁለተኛ እርማት። በዘመኑ የነበሩ ፕሮፌሰሮች በአደባባይ የተናገሩትን ቃል መመለስ እንደ ውርደት ይቆጥሩት እንደነበር ስታስቢ የዚህ ክብደት ይገባሻል። በእኛ ዘመን ቀላል ሆኗል ብዬም አልምልም።

ከግላኮማ ቀጥሎ ስሙን ያስጠራው የዓይን ሞራ ነው። እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። እኛ «ሞራ ገፈፋ» እንላለን፤ ቃሉ ከዓይን ላይ እንደ ቅባት ሽፋን የሚገፈፍ ነገር ያለ ያስመስላል። ብዙ ሕመምተኞችም «ዶክተር፣ ተገፎልኝ ተመልሶ መጣ» ይሉኛል። የሚገፈፍ ሽፋን የለም። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ራሱ ነው የሚደፈርሰው፤ መውጣት ያለበትም እሱ ነው። ጥንት ሌንሱን በመርፌ ገፍተው ወደ ዓይኑ ታችኛ ክፍል ይጥሉት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል ኮርኒያውን ከፍቶ ሌንሱን ማውጣት ጀመረ። መንገዱ ትክክለኛ ነበር፤ ቁስሉ ግን ሰፊ ነበር። ኮርኒያው ግማሽ ዙሪያው ይቆረጥና እንደ ክዳን ይነሣል። ስፌት የለም። ክዳኑ በቀላሉ ይከፈታል፤ ሕመምተኛው ሁለት ዓይኑ ታስሮ በጀርባው ተኝቶ ይሰነብታል፤ ከ10 ዓይን አንዱ ያህል መግል ይዞ ይጠፋል።

ግሬፈ ይህንን ለማሻሻል ዓመታት ፈጀ፤ በ1865 የደረሰበትን አሳወቀ። ኮርኒያው ከነጩ የዓይን ክፍል ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ በላይ በኩል፣ ቀጥ ወዳለ መስመር የሚጠጋ ቁስል ይከፍታል። ቀጥ ያለ ቁስል ከንፈሩ ተገጣጥሞ ይቀመጣል፤ እንደ ክዳን አይነሣም። ለዚህ ሥራ ያሠራት ቢላዋ ናት አንቺ በዝርዝሩ ውስጥ ያየሻት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስፋቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከ100 ዓይን የሚጠፋው ወደ 3 ያህል ወረደ። ይህ የሆነው የእንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም የሊስተር ፀረ ተሕዋስያን ዘዴ ወደ ዓይን ሕክምና ከመግባቱ በፊት ነው። በኋላ ንጽሕና ሲመጣ ሐኪሞች ወደ ቀድሞው የኮርኒያ አቆራረጥ ተመለሱ፤ ቢላዋዋን ግን አልተዉአትም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከእጃቸው አልወጣችም። አንድ ፈጣሪ መንገዱ ተትቶ ዕቃው ሲቀር ምን እንደሚሰማው መገመት ያስቸግራል።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው፤ ነገሩ አንሶ ሳይሆን መጽሐፍሽ ውስጥ ስላለ ነው። የዕይታን ሜዳ፣ ማለትም ዓይን ሳይዞር የሚያየውን ስፋት፣ መለካት የዘወትር ምርመራ እንዲሆን ያደረገው እሱ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በ1856 ጽፏል። በ1859 አንድ ሰው በድንገት አንድ ዓይኑ ሲጠፋ ምክንያቱ በሬቲና ዋና ደም ሥር ውስጥ የተሰነቀረ የደም ጓል መሆኑን ገለጸ። በ1860 ደግሞ የዕይታ ነርቭ እብጠትን ከአንጎል ዕጢ ጋር አገናኘ። የነርቭ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በዓይን በኩል ወደ አንጎል የሚመለከቱት ያንን መንገድ ተከትለው ነው። ለሸውራራነት የሚሠራውን የጡንቻ ቀዶ ሕክምናም ከበፊቱ ጭካኔ አውጥቶ በልክ የሚሠራ አደረገው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ግሬፈ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ የሚንቀሳቀስ የትል ዕጭ ደጋግሞ አይቷል፤ ቀዶ አውጥቷልም። ይህ ትል ከእኛው ኮሶ ጋር ይዛመዳል፤ ነገር ግን የእኛ ኮሶ በአብዛኛው ከበሬ ሥጋ የሚመጣው ነው፤ የዚያ ዕጭ በሰው ዓይን ውስጥ አይቀመጥም። የበርሊኖቹ ከአሳማ ሥጋ የሚመጣው ዓይነት ነበር። የሚገርመው፣ በእነዚያው ዓመታት በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ለትል ማስወጫ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዱ ከአገራችን የሄደው የኮሶ አበባ ነበር። ጥሬ ሥጋ እየበላን መድኃኒቱን ለአውሮፓ የላክን ሕዝብ ነን።

አሁን ወዳጆቹ ወዳሉበት እንመለስ። በ1854፣ ገና የ26 ዓመት ሰው ሳለ፣ ለዓይን ሕክምና ብቻ የሚሆን መጽሔት መሠረተ። የመጀመሪያውን ቅጽ ገጽ በገጽ ለመሙላት አብዛኛውን የጻፈው ራሱ ነው። ቀጥሎ የፕራጉ አርልትና የሆላንዱ ዶንደርስ በአዘጋጅነት ገቡ። አንቺ ያየሽው መጽሔት ይህ ነው። ከ1857 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ በሃይደልበርግ ከተማ ወዳጆቹንና ተማሪዎቹን ይሰበስብ ነበር። ያ ስብስብ አድጎ የጀርመን የዓይን ሐኪሞች ማኅበር ሆነ፤ ዛሬም አለ። የኮለር የኮኬይን ግኝት ለዓለም የታወቀው በዚሁ የሃይደልበርግ ስብሰባ ላይ መሆኑን ስታዪ የስብሰባው ዋጋ ይታይሻል። ከሥሩ የወጡትም ቀላል ሰዎች አይደሉም። የዙሪኩ ሆርነር፣ ወደ ኒው ዮርክ የሄደው ክናፕ፣ የዓይን ሕክምናን ታሪክ የጻፈው ሂርሽበርግ፣ በብሌን ምልክቱ ስሙን የምታውቂው ስኮትላንዳዊው አርጋይል ሮበርትሰን ሁሉ በርሊን ላይ ከእሱ ዘንድ ተምረዋል።

እንዲህ ሲሠራ ሰውነቱ አልተከተለውም። በ1861 በሳንባ ሕመም ወድቆ ለረጅም ጊዜ ተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጤና አላገኘም። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። በ1862 አና ክኑት የምትባል የዴንማርክ ባላባት ልጅ አገባ። በ1866 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የሻሪቴ ሆስፒታልን የዓይን ክፍል የተረከበው ግን በ1868 ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍሉ በቀዶ ሕክምና ባለሙያ እጅ ነበር። አውሮፓ ሁሉ እሱ ዘንድ ሊማር በሚመጣበት ዘመን የገዛ ከተማው ትልቅ ሆስፒታል በሩን የከፈተለት ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ጁላይ 19 ቀን 1870 ፈረንሳይ በፕሩሲያ ላይ ጦርነት አወጀች፤ እሱ በማግሥቱ፣ ጁላይ 20 ቀን፣ በ42 ዓመቱ አረፈ።

በ1882 ከሻሪቴ አጥር አጠገብ ሐውልት ቆመለት። ቀራጺው ሩዶልፍ ዚመሪንግ በእጁ ያስያዘው በስሙ የምትጠራውን ቢላዋ አይደለም፤ የሄልምሆልትዝን ኦፍታልሞስኮፕ ነው። ለሁለተኛው መምህርሽ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል።

ነገር ግን ሄልምሆልትዝ ራሱ የተናገረውንም ንገሪያቸው። የዓይን ሐኪሞቹ ማኅበር በግሬፈ ስም ሜዳልያ አቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያው ተሸላሚ በ1886 ሃይደልበርግ ላይ ሄልምሆልትዝ ሆነ። ሽልማቱን ሲቀበል የተናገረው ምሳሌ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ፊድያስ የሚባለው የግሪክ ቀራጺ እብነ በረድን እንደ ልብ የሚጠርብ ጠንካራ መሮ አጥቶ ኖረ እንበል። አንድ አንጥረኛ መጥቶ እንዲህ ያለ መሮ ሠራለት። ፊድያስ በመሮው የአማልክትን ምስል ቀረጸ፤ ሕዝቡም ተደነቀ። ታዲያ ፊድያስ ሽልማቱን ለአንጥረኛው ቢሰጠው፣ አንጥረኛው ምን ይላል? ሄልምሆልትዝ ራሱን በአንጥረኛው ቦታ አቆመ። ትሕትና ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የግላኮማውን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ሰውየው የሚያምንበትን ነገር የተናገረ ይመስለኛል። ስለዚህ ጥያቄሽን በአጭሩ ልመልስልሽ ብል ከአንጥረኛው የተሻለ ምስክር የለኝም።

አሁን ወደ ምልክቱ። ግሬፈ በ1864 ያስተዋለው የላይኛው የዓይን ቆብ ከዓይኑ ወደ ኋላ መቅረቱን ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ያደባልቁታል። ሕመምተኛዋ ቀጥ ብላ እያየች ቆቧ ከፍ ብሎ ነጩ ክፍል ከላይ ከታየ፣ ያ የቆብ መሸሽ ነው፤ የግሬፈ ምልክት አይደለም። የግሬፈ ምልክት የሚታየው ዓይን ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ስትጽፊ ግን ለየብቻ ጻፊያቸው። ሌላም ነገር አለ፤ እንቅርት ያላት ሴት ሁሉ ይህ ምልክት አይኖራትም። በደጋው አገር የምታዪው አብዛኛው እንቅርት ከአዮዲን እጥረት የመጣ ነው፤ በእነዚያ ላይ አትጠብቂው። የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢው ከመጠን በላይ በሚሠራባቸው፣ ልባቸው በሚመታ፣ እጃቸው በሚንቀጠቀጥ፣ ሙቀት በማይችሉ ሕመምተኞች ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሕመምተኛዋ ፊት ለፊት፣ ዓይንሽ ከዓይኗ እኩል እንዲሆን አድርገሽ ተቀመጪ። እስክሪብቶሽን ግማሽ ሜትር ያህል አርቀሽ ከዓይኗ በላይ ከፍ አድርገሽ ያዢ። ራሷን ሳታንቀሳቅስ በዓይኗ ብቻ እንድትከተለው ንገሪያት። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ታች አውርጂው። በጤነኛ ሰው ቆቡ ዓይኑን ተከትሎ አብሮ ይወርዳል። ምልክቱ ካለ ዓይኑ ቀድሞ ይወርድና ቆቡ ይዘገያል፤ በቆቡና በጥቁሩ የዓይን ክፍል መካከል ነጭ መስመር ብቅ ይላል። ፈጥነሽ ካወረድሽው ያመልጥሻል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሞከርሽም እርግጠኛ አትሆኚም። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብለሽ ሞክሪው። ከዚያ በፊት ግን ጤነኛ ቆብ እንዴት እንደሚወርድ ዓይንሽ እንዲለምድ በክፍል ጓደኛሽ ላይ ተለማመጂ።